ባቡር በማያልፍበት ከተማ ፉርጎ መሰብሰብ

ባሕር ዳር ሐዲድ የለም። ወደ ገጠሩ ወጣ ብላችሁ «ባቡር የት ነው?» ብትሉ የሚያሳዩዋችሁ ወፍጮ ቤቱን ነው። እኔ ግን ሽምብጥ በተከራየኋት አንዲት ክፍል ውስጥ ስልሳ ሦስት ፉርጎ አለኝ። ሁሉም ሞዴል ናቸው፤ ትልቁ ከነጠላ ጫማ አይበልጥም። ቤት የሚመጣ ሰው መደርደሪያውን አይቶ «የልጅህ መጫወቻ ነው?» ይለኛል። ልጅ የለኝም። አሁን አሁን «አዎ» ብዬ ማለፍ ጀምሬያለሁ።

ሰሞኑን ግን ሁለት ሦስት ሰው ከልቡ «እንዴት ነው የሚጀመረው? ደግሞስ ሁሉም አንድ ዓይነት አይደሉም ወይ?» ብሎ ስለጠየቀኝ ይኼን ጻፍኩ። አንድ ዓይነት አይደሉም። ጨዋታው ሁሉ እዚያ ላይ ነው።

መጀመሪያ ቃሉን እናጥራ። ፉርጎ የምንለው ባቡር የሚጎትተውን ሁሉ ነው፤ ቃሉ የውጭ ነው፣ ጣቢያውን «ለገሃር» ያልነው ደግሞ ከፈረንሳይ። እዚህ የማወራው ስለ አንዱ ዓይነት ብቻ ነው፤ ስለ ዝግ ፉርጎ። ጣሪያ ያለው፣ ጎኑ ላይ የሚንሸራተት በር ያለው፣ ዝናብ የማይወድ ዕቃ የሚጫንበት። በ1897 ሥራው ተጀምሮ ድሬዳዋ በ1902፣ አዲስ አበባ በ1917 የደረሰው የኛው የጅቡቲ ባቡርም እንዲህ ዓይነቱን ይጎትት ነበር። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የማስቀምጠው። ፉርጎዎቹ ላይ የሚታተመው እሱ ስለሆነ አለዚያ ትደናገራላችሁ።)

ለምን ሎኮሞቲቭ፣ ማለትም ጎታቹን አልሰበሰብክም ይሉኛል። ሎኮሞቲቭ ሞተር አለው፣ ይወደዳል፣ መብራት ይፈልጋል። የአሜሪካ ትራንስፎርመር ደግሞ ለ120 ቮልት የተሠራ ነው፣ የኛ ግድግዳ 220 ነው። አንዴ ሳላስብ ሰክቼ የወጣውን ሽታ እስካሁን አልረሳውም። ፉርጎ መብራት ቢጠፋም በሻማ ይታያል።

መጠኑን ሳታውቁ አትግዙ

ሞዴሉ ከእውነተኛው ስንት ጊዜ እንዳነሰ የሚናገር ቁጥር አለ። ኤች ኦ የሚባለው 1:87 ነው፤ ኤን 1:160፤ የአሜሪካው ኦ 1:48። ለብቻው ሲነገር ትርጉም የለውም፣ ስለዚህ በእጃችሁ አስቡት። ድሮ የተለመደው የአሜሪካ ዝግ ፉርጎ 40 ጫማ ወይም 12 ሜትር ከ19 ሳንቲም ያህል ነበር። ይኼ በኤች ኦ 14 ሳንቲሜትር ይሆናል፤ የእስክርቢቶ ርዝመት በሉት። በኤን 7.6 ሳንቲሜትር፣ ሌባ ጣት ያህል። በኦ 25 ሳንቲሜትር፣ ያ ያልኳችሁ ነጠላ ጫማ። የጀርመኑ ሞዴል ባቡር ሠሪ ማርክሊን በ1972 ያመጣው ዜድ የሚባለው 1:220 ደግሞ 5.5 ሳንቲሜትር ብቻ ነው፣ ከክብሪት ሳጥን ብዙም አይበልጥም።

ስለዚህ ማስመሪያ ይዛችሁ ለኩ። 50 ጫማ የሚባሉ ረጅም ፉርጎዎችም አሉ፤ በኤች ኦ 17.5 ሳንቲሜትር ይደርሳሉ። 14 ከሆነ 40 ጫማ፣ 17.5 ከሆነ 50 ጫማ። አንዳንድ ርካሽ መጫወቻ ሁለቱንም አይሆንም፤ ከሐዲዱ ጋር እንዲገጥም ብቻ እንደመጣ የተቆረጠ ነው። እሱን ለልጅ ስጡት።

እኛ አገር ላለ ሰው የኔ ምክር ኤን ወይም ኤች ኦ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ዕቃው የሚመጣው በሰው ሻንጣ ነው፣ የሰው ሻንጣ ደግሞ ኪሎው የተቆጠረ ነው። የኤን ፉርጎ ካልሲ ውስጥ ገብቶ ይመጣል። የድሮ ኦ ፉርጎ ግን እግሩ ብረት ነው፣ አምስት ስታስመጡ ዘመድ ይቀየማል። እኔ ይኼን ምክር አልሰማሁም፣ ኦ ነው የምሰበስበው፣ የተቀየመ ዘመድም አለኝ።

ከመደርደሪያ አውርዳችሁ ማስኬድ ለምትፈልጉ አንድ ነገር ልጨምር፤ የማርክሊን ኤች ኦ ፉርጎ ግራና ቀኝ ጎማው በኤሌክትሪክ የተገናኘ ነው፣ ስለዚህ በሌሎች ባለሁለት ሐዲድ ሥርዓት ላይ ካስቀመጣችሁት ሾርት ያደርጋል። ጎማው ካልተቀየረ አይሆንም። ለመደርደሪያ ግን ምንም አይልም።

አንዱን ያዙ

የመጀመሪያው ዓመት ስህተቴ ያገኘሁትን ሁሉ መሰብሰቤ ነው። አንድ ጀርመን፣ ሁለት ጣሊያን፣ አንድ የማይታወቅ። ልዩነት ለማየት የሚነጻጸር ነገር ያስፈልጋል፣ የሚነጻጸረው ደግሞ ከሚመስለው ጋር ነው። ሃያ የተለያየ ነገር ያለው ሰው ስለ አንዱም አያውቅም። አራት የሚመሳሰል ያለው ያውቃል። ስለዚህ ወይ አንድ ፋብሪካ ምረጡ፣ ወይ አንድ የባቡር ድርጅት (ለምሳሌ ፔንሲልቫኒያ የሚል የተጻፈበትን ብቻ)፣ ወይ አንድ ተከታታይ ቁጥር። እኔ ላዮኔል የሚባለውን የአሜሪካ ሞዴል ባቡር ፋብሪካ 6464 ይዤ ቀረሁ። ለማስረዳትም እሱን እጠቀማለሁ፣ ግን ዘዴው ለየትኛውም ይሠራል።

ላዮኔል በ1900 ኒው ዮርክ ላይ የተመሠረተ ነው። በ1953 6464 የሚባለውን ዝግ ፉርጎ በአራት ቀለም አወጣ፤ ብርማው ዌስተርን ፓሲፊክ 6464-1፣ ብርቱካናማው ግሬት ኖርዘርን 6464-25፣ ቡናማው ሚኒያፖሊስና ሴንት ሉዊስ 6464-50፣ አረንጓዴው ሮክ አይላንድ 6464-75። ከሰረዙ ወዲያ ያለው ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ በ25 በ25 ይዘላል። በዚያው መንገድ እስከ 1960ዎቹ መጨረሻ ሲወጣ ቆየ። ከእውነተኛ ድርጅቶች የተቀዱ ቀለሞች ናቸው፤ በ1955 የወጣው 6464-275 «ስቴት ኦፍ ሜን» ቀይ፣ ነጭና ሰማያዊ ነው፣ እውነተኛው ፉርጎ የሜን ግዛትን ድንች ያጓጉዝ ነበር። የአዊ ድንች በእንዲህ ያለ ፉርጎ ተጭኖ ሲሄድ አስባለሁ። ለማንኛውም።

እማዬ አንድ ቀን መደርደሪያው ፊት ቆማ «አንተ ልጅ፣ አንዱን ሳጥን ስንት ጊዜ ትገዛዋለህ?» አለችኝ። ሁለት ሚዙሪ ፓሲፊክ ጎን ለጎን ነበሩ፣ ሁለቱም ሰማያዊና ግራጫ። «አንድ አይደሉም እኮ እማዬ፣ እያቸው» አልኳት። አንስታ አየች። እሷ ማኛ ጤፍን ከተራው ነጭ በመዳፏ ዘግና የምትለይ ሰው ናት፤ ነጋዴ አያታልላትም። ደቂቃም አልፈጀባት፦ «የዚህኛው በር ሌላ ነው። አንዱ ገበታ ይመስላል፣ አንዱ መስኮት በመስኮት ነው።» እኔ ያንን ለማየት ስምንት ወር ፈጅቶብኛል።

ትክክል ናት። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት በሮች ላይ አንድ ትልቅ ሰሌዳ ጎልቶ ይታያል። ከ1955 አካባቢ ጀምሮ ግን በሩ በብዙ ትንንሽ ሰሌዳዎች የተከፋፈለ ሆነ። አንድ ቁጥር፣ አንድ ቀለም፣ ሁለት በር።

ግድግዳውም እንደዚያው። ፉርጎው ጎን ላይ እንደ ስፌት ከላይ ወደ ታች የሚወርዱ የሪቬት (ብረት ከብረት የሚያያይዝ ችንካር) ነጠብጣቦች አሉ። መጀመሪያ መስመራቸው ሙሉ ነበር። ጽሑፍ ሲታተምባቸው ፊደሉ ጉብታው ላይ ይሰበራል፣ ስለዚህ ፋብሪካው ፕላስቲኩ የሚፈስበትን ቅርጽ አሻሽሎ ጽሑፍ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ያሉትን ሪቬቶች አጠፋቸው። ሰብሳቢዎች እንዲህ እንዲህ እያሉ የግድግዳውን ቅርጽ አራት ዋና ዋና ዓይነት አድርገው ይከፍሉታል። መስመሩ ከተቆረጠ ከመጀመሪያው ዓመት አይደለም ማለት ነው። ለማየት መብራት አጥፉ፣ የስልክ ባትሪ አብሩ፣ ከጎን አግድም አድርጋችሁ ያዙት። ፊት ለፊት ካበራችሁ ምንም አታዩም።

ሦስተኛው እግሩ ነው፤ ጎማዎቹን የሚይዘው ክፍል ማለቴ ነው። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ብረት ነው፣ ስትነኩት ይቀዘቅዛል። ከ1957 ጀምሮ ፕላስቲክ እግር መጣ።

አሁን ሦስቱን አንድ ላይ አድርጉ። ሙሉ ሪቬት፣ ባለ አንድ ሰሌዳ በር፣ የብረት እግር ከሆነ እርስ በርሱ ይስማማል፣ የመጀመሪያው ዘመን ነው። ሙሉ ሪቬት ሆኖ የፕላስቲክ እግር ካለውስ? ያኔ ጠርጥሩ። የ6464ን በር በጥንቃቄ ማውለቅ ይቻላል። እግርም ይፈታል። ሰው ሰባራውን ሲጠግን ከሌላ ፉርጎ ነቅሎ ይገጥማል፣ ክፋት አይደለም፣ ግን ያ ፉርጎ «ብርቅ ዓይነት» አይደለም። በር ይቀየራል፣ እግር ይቀየራል፤ ግድግዳ አይቀየርም። ስለዚህ ዘመኑን ስትወስኑ ከግድግዳው ጀምሩና ሌላው ይስማማ እንደሆነ እዩ እንጂ ከበሩ አትጀምሩ።

ቁጥር ማንበብ ግዴታ የሚሆንበት ምሳሌ ደግሞ ላባው ነው። ዌስተርን ፓሲፊክ ጎኑ ላይ ረጅም ላባ ይሥል ነበር፤ ሐዲዱ ካሊፎርኒያ ውስጥ ፌዘር የሚባል ወንዝ ሸለቆን ተከትሎ ስለሚሄድ ነው፣ ፌዘር ማለት ላባ ነው። በ1954 የወጣው 6464-100 በብዛት ብርማ ሆኖ ቢጫ ላባ ነው ያለው። ብርቱካናማ ሆኖ ሰማያዊ ላባ ያለው 6464-100ም አለ፣ እሱ ብርቅ ነው፣ ዋጋው አይቀመስም። ታዲያ በ1966 ላዮኔል ያንኑ ብርቱካናማና ሰማያዊ ላባ እንደገና አወጣው፣ ቁጥሩን ግን 6464-250 አለው። በሩቅ ፎቶ መንትያ ናቸው። «ሰማያዊ ላባ አለኝ» የሚል ሰው ቁጥሩን አቅርቦ ካላሳያችሁ ብራችሁን በኪሳችሁ አድርጉ። ካሳያችሁም በኋላ አሃዞቹ ከሌላው ጽሑፍ ጋር አንድ ቀለምና አንድ ውፍረት መሆናቸውን እዩ፤ ሦስት አሃዝ መቀየር ለሚችልበት ሰው ቀላል ነው።

ሌላው ታሪክ ያለው የ1957 የሴት ልጆች ባቡር ነው። ሎኮሞቲቩ ሮዝ፣ 6464-510 እና 515 ፉርጎዎቹ ደግሞ የሕፃን ልብስ በመሰለ ሰማያዊና ቢጫ ተቀቡ። ገዢ አጣ። ገዢ ስላጣ ጥቂት ቀረ፣ ጥቂት ስለቀረ ዛሬ ሰው ይጋደልበታል፣ ሰው ስለተጋደለበት ደግሞ ተራውን ፉርጎ በዚያ ቀለም ቀብቶ የሚሸጥ ተገኘ።

ፋብሪካ፣ ፀሐይ ወይስ የሰው እጅ

አንድ ፉርጎ ከወንድሙ ከተለየ ምክንያቱ ከሦስት አንዱ ነው። ወይ ከፋብሪካው እንደዚያ ሆኖ ወጥቷል፣ ወይ አርጅቷል፣ ወይ ሰው ነክቶታል። ልዩ ዓይነት የሚባለው የመጀመሪያው ብቻ ነው። ሻጮች ግን ሦስቱንም በአንድ ስም ነው የሚጠሯቸው።

እኔ ላይ የደረሰውን ልንገራችሁ። የአክስቴ ልጅ አሜሪካ አለ፤ አንድ ቀን አንድ ሻጭ «ፈዛዛ ብርቱካናማ፣ የማይገኝ» ያለውን ግሬት ኖርዘርን ፎቶ ላከልኝ። እውነትም ከኔው ይፈዝዛል። አንቀላፍቼ አላደርኩም። ግዛልኝ አልኩት፣ ከተለመደው ዋጋ ሦስት እጥፍ ከፈልን፣ አምስት ወር ጠብቄ በሰው መጣ። ባሕር ዳር ደርሶ እጄ ሲገባ በሩን ገፋ አደረግሁት። በሩ ሸፍኖት ከነበረው ጠርዝ ስር ደማቁ ብርቱካናማ ቁጭ ብሏል። ገልብጬ ሌላውን ጎን አየሁ፤ እሱም ደማቅ ነው። አንድ ጎኑን ለፀሐይ ሰጥቶ ሃምሳ ዓመት መስኮት ላይ የተቀመጠ ተራ ፉርጎ ነበር። አሁንም አለኝ፣ የፈዘዘውን ፊት ወደ ውጭ አድርጌ ነው ያስቀመጥኩት፣ መቀጣጫ እንዲሆነኝ።

ስለዚህ ቀለም ስታዩ አራት ቦታ እዩ፤ በሩ ስር፣ ሁለቱንም ጎን፣ ሆዱን፣ ውስጡን። ውስጡ በተለይ ይናገራል። የ6464 ፕላስቲክ ራሱ ቀለም አለው፣ ከዚያ ላይ ይቀባል፣ ፋብሪካው በጊዜው የነበረውን ፕላስቲክ ስለሚያፈስ ውጩ አንድ ሆኖ ውስጡ ሌላ ሌላ ሊሆን ይችላል። ይኼ እውነተኛ ልዩነት ነው፣ ሰብሳቢዎችም ይመዘግቡታል። ፈሳሽ ነገር ተጠቅሞ ቀለሙን የቀየረ ሰው ግን ብዙ ጊዜ ጥጉን ይረሳል፤ መሰላሉ ስር፣ የበሩ ሐዲድ ውስጥ የድሮው ቀለም ይቀራል።

ጽሑፉንም እዩት። ከፋብሪካ በሙቀት የተመታ ጽሑፍ ትንሽ ወደ ውስጥ ይሰምጣል። በጎማ ማኅተም የተመታ ላይ ላዩን ይቀራል፣ ጠርዙም ትንሽ ይንጠባጠባል። ተለጣፊ ከሆነ ደግሞ በፊደሎቹ ዙሪያ ቀጭን ግልጽ ሽፋን አለ፣ ያችን የጎን መብራት ስታገኛት እንደ ቀንድ አውጣ መንገድ ታብለጨልጫለች። ገጣጥመው የሚሸጡ የድሮ ኤች ኦ ፉርጎዎች ላይ ተለጣፊ ያለና የነበረ ነው። 6464 ላይ ካያችሁት ግን ቆም ብላችሁ መርምሩ።

ሳጥኑ ካለ ሳጥኑንም መርምሩ፣ ምክንያቱም ባዶ የድሮ ሳጥን ራሱ ይሸጣል፣ ስለዚህ እሱም ይመሰላል። ሱቅ ውስጥ ብር የሚፈተሽበትን ያን ወይን ጠጅ መብራት ተዋሱ። ከ1950ዎቹ ወዲህ ወረቀት እንዲነጣ የሚጨመር ንጥረ ነገር በዚያ መብራት ሰማያዊ ሆኖ ያበራል፤ አዲስ ተመስሎ የተሠራ ሳጥን ብዙ ጊዜ ያንጸባርቃል፣ የድሮው ግራጫ ካርቶን ደብዝዞ ይቀራል። ባለሱቁ ምን እያደረግህ ነው ቢላችሁ ሻይ ግዙለት።

ገልብጣችሁ አንብቡ

ላዮኔል የሌላችሁ ሰዎች አልረሳኋችሁም። በየትኛውም ሞዴል የመጀመሪያው ሥራ መገልበጥ ነው። ሆዱ ላይ የፋብሪካው ስም ይገኛል፤ አተርን፣ ሮኮ፣ ሊማ፣ ሪቫሮሲ፣ ባክማን። አገሩም ይጻፋል። «ምዕራብ ጀርመን» የሚል ካለ ፕላስቲኩ የፈሰሰበት ቅርጽ ከ1990 በፊት የተቀረጸ ነው። የኤን ሰዎች ደግሞ ካዲ እና ማይክሮ ትሬንስ የሚሉ ሁለት ስሞች ይገጥሟችኋል፤ አንድ ቤት የነበሩ ናቸው፣ በ1990 ተለያዩ። ስለዚህ ፉርጎው አንድ ሆኖ ሳጥኑ ላይ ካዲ ካለ ቀድሞ የወጣው ነው።

ማያያዣውን እዩ፣ ግን አትመኑት። በድሮ የአሜሪካ ኤች ኦ ላይ ጠፍጣፋ የፕላስቲክ ቀንድ የመሰለ ነው፤ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ግን ሁለት ሰው ጣት ለጣት እንደሚቆላለፍ የሚያያዘው በብዙ ፋብሪካ ተለመደ። በካቻቢቴ በሁለት ደቂቃ ስለሚቀየር ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ከማያያዣ ይልቅ መሰላሉ ይሻላል። ከግድግዳው ጋር አብሮ የፈሰሰ ነው ወይስ በኋላ ለብቻው የተተከለ? ክር ከኋላው ማሳለፍ ከቻላችሁ ለብቻው የተተከለ ነው፣ ደህና ሥራ ነው። በሰማያዊ ሳጥን ይሸጡ የነበሩት የአተርን ኤች ኦ ፉርጎዎች መሰላላቸው አብሮ የፈሰሰ ነው፤ ርካሽና ጠንካራ ናቸው፣ ለጀማሪ ከዚያ የተሻለ አላውቅም።

ከዚያ ጎኑ ላይ ያለው ደቃቅ ጽሑፍ። ብዙ ሰው ይዘለዋል፣ እኔ ግን አንድ ሙሉ እሑድ በአጉሊ መነጽር የማሳልፈው እዚያ ላይ ነው። የአሜሪካ ፉርጎ ላይ የባለቤቱ ምልክት ቢበዛ አራት ፊደል ነው፤ መጨረሻው ኤክስ ከሆነ ባለቤቱ የባቡር ድርጅት ሳይሆን የግል ኩባንያ ነው። ጥግ ላይ «ኒው» (አዲስ) ወይም «ቢኤልቲ» (ተሠራ) ከሚል አጠገብ ወርና ዓመት አለ፣ 5-54 ካለ ግንቦት 1954 ማለት ነው። ልብ በሉ፣ ይኼ እውነተኛው ፉርጎ የተሠራበት ነው እንጂ ሞዴሉ የተመረተበት አይደለም። በ2010 የተመረተ ሞዴል ላይ 1954 ይጻፋል። «የ1954 ነው» ብሎ የሚሸጥላችሁ ሰው ወይ አያውቅም ወይ በደንብ ያውቃል።

ሞዴሉ የትኛውን ዘመን እንደሚያሳይ ግን ከዚያው ታውቃላችሁ። ጣሪያው ላይ ሠራተኛ የሚሄድበት ሰሌዳ ካለ የድሮ ዘመን ነው፤ ከ1966 ወዲህ አዲስ የሚሠሩት ያለዚያ እንዲሆኑ ተወሰነ፣ ያሉትም ቀስ በቀስ ተነቀሉ። ጎኑ ላይ ባለብዙ ቀለም መስመር ያላት ትንሽ ምልክት ካለች በማሽን ትነበብ የነበረች ናት፣ በ1967 መጥታ በ1977 ገደማ የተተወች። ጣሪያው ላይ ሰሌዳ የሌለው፣ ግን 1954 የተጻፈበት ፉርጎም ስህተት አይደለም፤ አርጅቶ በኋላ የተነቀለለትን ነው ሠሪው ያሳየው። ሰሌዳው ኖሮ ከጎኑ 1975 ተሠራ የሚል ካያችሁ ግን ፋብሪካው የያዘውን ጣሪያ ባገኘው ቀለም ላይ እየደፋ ነው።

የአውሮፓዎቹ በሌላ መንገድ ይነበባሉ። ከ1960ዎቹ አጋማሽ ወዲህ 12 አሃዝ ያለው ቁጥር ይዘዋል። ሦስተኛውና አራተኛው አሃዝ አገር ነው፤ 80 ጀርመን፣ 81 ኦስትሪያ፣ 83 ጣሊያን፣ 85 ስዊዘርላንድ፣ 87 ፈረንሳይ። 12 አሃዝ ከሌለው ከዚያ በፊት ያለውን ዘመን ያሳያል።

ይኼን ሁሉ በጭንቅላት መያዝ አይቻልም። ደብተር ግዙ። ኤክሴል የምትወዱ ኤክሴል፣ እኔ ግን ደብተር። ለእያንዳንዱ ፉርጎ አንድ ገጽ፤ ቁጥሩ፣ የውጭ ቀለሙ፣ የውስጥ ቀለሙ፣ በሩ፣ ሪቬቱ፣ እግሩ፣ ጽሑፉ እንዴት እንደታተመ፣ ከማን በስንት እንደመጣ። የይዞታውን ደረጃ ብቻውን በሌላ መስመር ጻፉ። ሰብሳቢዎች ከ1 እስከ 10 ይሰጣሉ፣ 10 ከፋብሪካ ወጥቶ ያልተነካ ነው። «ብርቅ» እና «ንጹሕ» ሁለት የተለያየ ነገር ነው፤ ደብተሩ ላይ ካልተለያዩ ዋጋ ስትገምቱ ይምታቱባችኋል።

ጣና ዳር ማስቀመጥ

ክረምት እዚህ ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ። ከሰኔ እስከ መስከረም ግድግዳው ያልባል፣ ካርቶን ይለሰልሳል፣ ጫማ አልጋ ስር ይሸብታል። የድሮ ሳጥን ደግሞ ካርቶን ነው። ካርቶን ማለት ለምስጥ ምሳ ማለት ነው። መሬት ላይ በፍጹም አታስቀምጡ፣ ግድግዳም አታስነኩ፤ የብረት መደርደሪያ ቢሆን ይመረጣል።

ክዳኑ ግጥም የሚል የፕላስቲክ ሳጥን ግዙና አዲስ ጫማ ውስጥ የምትገኘዋን የሲሊካ ከረጢት ሰብስባችሁ ጨምሩ። ሠፈሩ ሁሉ ጫማ ሲገዛ ለኔ ነው የሚያመጣው። ፍሬዋ ውኃ ጠጥታ ስትጠግብ ከከረጢቱ አውጥታችሁ በለዘብ እሳት በብረት ድስት ብታሞቋት ትደርቃለች፣ እንደገና ትሠራለች። ነጯን ብቻ፤ ሰማያዊዋ መርዛማ ነገር ሊኖርባት ስለሚችል ጣሏት። የወጥ ድስቱንም ተዉት፣ እማዬ እንዳትሰማ።

ስፖንጅ ያለበት ሳጥን ካላችሁ አሁኑኑ አውጡት። የድሮ ስፖንጅ ዓመታት ሲያልፉ ይሟሟና ቀለሙ ላይ ይጣበቃል። ላስቲክም እንደዚያው። በስስ ወረቀት ጠቅልሉ። ስታጸዱ ለስላሳ ብሩሽ፣ ብዙ ከቆሸሸ ለብ ያለ ውኃ በትንሽ ሳሙና፣ ጽሑፉን ሳትነኩ። አልኮል፣ ቲነር፣ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ የሚባል አጠገቡ አይድረስ፣ ፊደሉን ይዞት ነው የሚሄደው።

አንድ መድኃኒት የሌለው በሽታ አለ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት የተሠሩ አንዳንድ የዚንክ ክፍሎች ሲቀልጡ እርሳስ ተቀላቅሎባቸው ነበር፤ ከጊዜ በኋላ ከውስጥ ያብጣሉ፣ ይሰነጠቃሉ፣ በመጨረሻ እንደ ዳቦ ይፈረፈራሉ። እርጥበት ያፋጥነዋል። ስንጥቅ ያለበት የድሮ ብረት እግር ካያችሁ ለጣና አየር አታምጡት።

ዘመድ ስታስገዙ

እዚህ ሱቅ የለም፣ ቅዳሜ ገበያም አይገኝም። ስለዚህ የምትገዙት በሌላ ሰው ዓይን ነው። ዘመዳችሁን «ጥሩ ነው ወይ?» ብላችሁ አትጠይቁት፣ «አሪፍ ነው» ይላችኋል። የአክስቴን ልጅ አሁን አሠልጥኜዋለሁ። ስድስት ፎቶ ነው የማስልከው፤ ሁለቱ ጎኖች በአንድ ብርሃን፣ ሆዱ፣ ቁጥሩ ቀርቦ፣ ውስጡ በስልክ ባትሪ፣ አንዱ ጎን ደግሞ መብራት ከአግድም መጥቶበት ሪቬቱ እንዲታይ። ሻጩ ስድስቱን አላነሳም ካለ ሌላ ሻጭ አለ። ስድስቱ ደርሰው ሁሉም ደህና ቢመስል እንኳ ብር ከመላኩ በፊት አንድ ሰባተኛ አስነሡ፤ በሩን ገፋ አድርጎ።